ለሚጣዬ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ አክስት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲሆን ይነዘንዛታል እንጂ እኛ ደህና ነን።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በኮሪያው ድራማ ገጸ ባሕርያት ፋን ፊክሽን (ሌላ ሰው በፈጠራቸው ባለታሪኮች የራስን ታሪክ መጻፍ) እየጻፍሽ ቴሌግራም ላይ ስትለቂ «ቀጣዩስ?» እያሉ ይወተውቱሽ የነበሩት ሰዎች፣ የራስሽን ድርሰት ስትጀምሪ ድምፃቸው ጠፋ። «አባዬ፣ ለካ የሚወዱት ድራማውን እንጂ እኔን አይደለም» አልሽኝ። ያኔ መልስ አጣሁ።

ነግሬሽ አላውቅም እንጂ እኔም ደርሶብኛል። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰምቼ፣ የበዛብህን ሞት ልቤ አልቀበል አለ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ ከሞት አስነሣሁት፣ ከሰብለ ጋር አጋባሁት፤ ጉዱ ካሳንም አዲስ አበባ አምጥቼ የጋዜጣ አዘጋጅ አደረግሁት። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሽፋኑ ተገንጥሎ ተመለሰልኝ። ልቤ አበጠ። ክረምቱን ሙሉ የራሴን ታሪክ ጻፍኩና መስከረም ላይ ይዤ ቀረብኩ። ሦስት ልጆች ወሰዱት። የጨረሰው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የአክስቴ ልጅ ስለሆነ።

ምክንያቱ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለ ሰብለ ስጽፍ ማን እንደሆነች ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያንን ሥራ ጨርሰውልኛል። አንባቢው ፍቅሩን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። የራሴ ባለታሪክ ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ ያለቅሳል፤ ማን ነው ይሄ? ለምን እንዘንለት? አንቺም በላክሽልኝ ሦስት ምዕራፍ ልጅቷን ከፍቅረኛዋ ጋር ስትጣላ ነው የምታሳዪን። ሲዋደዱ መቼ አየን?

ጓደኞችሽ ፋን ፊክሽኑን ስም ብቻ ቀይረሽ አሳትሚው እንዳሉሽ አውቃለሁ። ተደርጎ ያውቃል። አሜሪካዊቷ አና ቶድ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋትፓድ በሚባለው የኢንተርኔት ታሪክ መለጠፊያ ላይ በስልኳ የጻፈችው ስለ ዋን ዳይሬክሽን ባንዱ ዘፋኝ ሃሪ ስታይልስ ነበር፤ በ2014 ሲታተም ሃሪ ሃርዲን ሆነ። (ከዚያ በፊት ዓለምን ያዳረሰ ሌላም አለ፤ እሱን አባት ለልጁ አያወራም።) እኔን የሚማርከኝ የደራሲዋ የናኦሚ ኖቪክ መንገድ ነው። ፋን ፊክሽን ስትጽፍ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው ልብ ወለድ በናፖሊዮን ዘመን ዘንዶዎችን እንደ አየር ኃይል ያዋጋል። ጦርነቱ የሁሉም ነው፤ ዘንዶዎቹ የእሷ ናቸው። ፋን ፊክሽኑንም አልተወችም፤ አንቺም ተዪ አልልሽም።

ሕጉም አለ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትን ለውጦ የማቅረብ መብት የደራሲው ነው፤ ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ስለሆነ የእኔ በዛብህ ገና ከደብተር አይወጣም። አዋጁ ሐሳብን ግን አይከለክልም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ አክስት ልምጣ። ድራማው ውስጥ የለችም፤ ፋን ፊክሽንሽ ውስጥ አንቺ የፈጠርሻት ናት። ኮሪያዊት ናት ብለሽ ጽፈሻል፤ ነገር ግን መርፌ በከንፈሯ ይዛ ደንበኛ ስትሳደብ ያየሁት የእናትሽን እህት ነው፣ እኔን አታታልዪኝም። አንባቢዎችሽም «አክስትየዋስ የት ገባች?» ይሉ እንደነበር ራስሽ ነግረሽኛል። ከሴኡል አውጫትና ሽሮ ሜዳ አስቀምጫት። ከዚያ ስለ እሷ የጠየቁሽን ሰዎች ፈልገሽ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለየብቻቸው ላኪላቸው። ወደዳችሁት ወይ አትበዪ፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። የቱ ጋ ማንበብ እንዳቆሙ ጠይቂ።

ማተሚያ ቤት ለመግባት ደግሞ አትቸኩዪ። ምርቃት ላይ ዘመድ ሁሉ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አያነብም። አንድ ወዳጄ በቁጠባው አሳትሞ፣ የመጽሐፉ እሽግ አልጋው ሥር እስካሁን አለ። አዟሪ እንደሆነ ክንዱ ላይ የሚደረድረው ሰው ስሙን ጠርቶ የሚጠይቀውን ነው።

ደብተሬን እናትሽ ከሣጥን ውስጥ አግኝታዋለች። ስትመጪ የጉዱ ካሳን ጋዜጣ አነብልሻለሁ። ለአክስትሽ እስካሁን ምንም አልነገርኩም፤ ምዕራፉን መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ።

አባትሽ