ከቁልፉ ጋር መዝገቡም ይረከብ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

ወቅት ሲለወጥ ጤና ጣቢያዎች የክትባት ቀን ያስታውቃሉ። በዚያው ሰሞን ነባሯ ነርስ ለቅቃ አዲስ ስትተካ ግን ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው የማቀዝቀዣው ቁልፍ ብቻ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ልኬቱም ጠዋትና ማታ ይመዘገባል። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል፤ ቅዝቃዜ ግን ይዘነጋል። የኢንፍሉዌንዛ፣ የሄፓታይተስ ቢና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሠሩ ቢቀልጡም አያገለግሉም፤ ስለዚህ በረዶ ከሚሠራው ክፍል ይራቁ። ተረካቢዋ የሙቀት መዝገቡን ከአስረካቢዋ ጋር ገጽ በገጽ ትይ፤ ብልቃጦቹንም ቆጥራ የአገልግሎት ዘመናቸው ማብቂያ የቀረበውን ከፊት ታስቀምጥ። የቀጠሮ መዝገቡም አብሮ ይተላለፍ፦ የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች፣ የሚያውቁት ባለሙያ ስለሄደ ብቻ መድኃኒታቸው መቋረጥ የለበትም። የአዲሷ ነርስ ስምና የሥራ ሰዓትም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በር ላይ ይለጠፍ።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች