ዲዛይነር ለመሆን ከሥዕሉ በፊት ፓተርን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ነኝ። የራሴን ስፌት ቤት ከመክፈቴ በፊት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የናሙና ክፍል፣ ማለትም ልብሱ በብዛት ከመመረቱ በፊት ናሙናው በሚሠራበት ክፍል፣ ለአራት ዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት እናቶች ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው መጥተው «ልጄ የፋሽን ዲዛይነር ካልሆንኩ ብላለች፤ የት ላስተምራት?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ጥያቄው ደንበኛ እየጠበቀኝ ቆሜ ልመልሰው የምችለው ስላልሆነ መልሴን በእናንተ በኩል ማቅረብ መረጥሁ።

አስቀድሜ በቤተሰቤ የደረሰውን ልናገር። የእኅቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች በሦስት ወር ዲዛይነር እንደሚያደርጋት ቃል በገባ ማሠልጠኛ ተመዘገበች። እናቷ ለክፍያው የእቁብ ገንዘቧን ሰጠች። ልጅቷ ሦስቱን ወር ረጃጅም ሴቶችን በባለቀለም እርሳስ ስትስል ከረመች፤ እጇም በእርግጥ ያምራል። የምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ አቡጀዲ ዘርግቼ ከሥዕሎቿ አንዱን እንድትቆርጥልኝ ጠየቅኋት። መቀሱን ይዛ ዝም አለች። ጨርቁ በደረት በኩል ሰፍቶ በወገብ በኩል እንዲጠብ የሚያደርገው እጥፋት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ማንም አላሳያትም ነበር። ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ጥፋቱም የእርሷ አልነበረም።

የጎደላት በሙያው ፓተርን ማውጣት የምንለው፣ ማለትም የልብሱን ክፍሎች ቅርጽ በልካቸው አስምሮ ማውጣት ነው። ሥዕል አንድ ልብስ ምን እንደሚመስል ሲናገር ፓተርን ግን ልብሱ በሰው ገላ ላይ እንዴት እንደሚቆም ይወስናል። በሰፈራችን ያለ ጎበዝ ሰፊ የአንዲትን ደንበኛ ልክ በሜትር ወስዶ በቀጥታ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ይህ ትልቅ ችሎታ ቢሆንም ለአንድ ገላ ብቻ የሚያገለግል ነው። ለገበያ የሚዘጋጅ ልብስ ግን መጀመሪያ በወረቀት ላይ በመካከለኛ ቁጥር ይወጣል፣ በአቡጀዲ ተሰፍቶ ይለካል፣ ከታረመ በኋላ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል የደረት ዙሪያ ልዩነት 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ፊትና ጀርባው በግማሽ በግማሽ ስለሚወጣ በእያንዳንዱ ሩብ ላይ የሚጨመረው 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክንዱና አንገቱ ደግሞ የየራሳቸው ስሌት አላቸው። ከዚያ በኋላ ቁርጥራጮቹ ጨርቅ እንዳይባክን ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ከአንድ ልብስ ወጪ ብዙውን ጊዜ አብላጫውን የሚወስደው ጨርቁ ስለሆነ፣ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ገና መቀሱ ሳይነሣ በዚህ ድርደራ ላይ ነው። በናሙና ክፍል በነበርኩበት ጊዜ ከውጭ በሚመጣው የልብሱ ዝርዝር መግለጫ ላይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ተገኝቶ ናሙናው ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለእናቶቹ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጅቷ በመጀመሪያ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ ተከፍሎ የሚሰጠውን የልብስ ስፌትና የጋርመንት ሥልጠና ትውሰድ፤ የብቃት ምዘናውንም ትለፍ። ውጤቷ የሚፈቅድላትና በዲግሪ መማር የምትፈልግ ከሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፋሽን ዲዛይን ትምህርት አለ። ይሁንና ከሐዋሳ ባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሴት ልጁን ያን ያህል ርቃ እንድትሄድ ለመላክ የሚያመነታ ወላጅ ጥቂት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አልፈርድበትምም። ሦስተኛው መንገድ፣ ከሁሉም የቀደመው፣ በጥሩ ሰፊ ሥር ሁለት ሦስት ዓመት መቀመጥ ነው። አጫጭር ሥልጠናዎች ዋጋ የላቸውም አልልም፤ አስቀድሞ መስፋት ለሚችል ሰው እውቀት ይጨምሩለታል። ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ግን ወላጆች አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሠልጣኙ በቆይታው ስንት ልብስ በገዛ እጁ ቆርጦ ሰፍቶ ይጨርሳል?

የከተማችንን ነገር ሳስብ የሚቆጨኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሠራተኞች ታስቦ ነበር። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በየማምረቻ መስመሩ ተቀምጠው ኪስ፣ ኮሌታ ወይም ጠርዝ መስፋት ለመዱ። ሆኖም ዲዛይኑም ጨርቁም በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ስለነበር ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ሙሉ ሸሚዝ ለብቻዋ ሠርታ አታውቅም። አገራችን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ ለማስገባት ከሚያስችለው ዕድል) ተጠቃሚነት ስትወጣና ትእዛዝ ሲቀንስ፣ ሥራ ያጡት እኅቶቻችን ይዘውት የወጡት ፈጣን እጅ ብቻ ነበር። ፓተርን ማውጣት ያወቁት ጥቂቶች ግን ዛሬ የትምህርት ቤትና የሆቴል የደንብ ልብስ ተቀብለው የሚሠሩ፣ ሌላ ሰው የቀጠሩም ናቸው። እንደ ሐዋሳ ባለ የሆቴል ከተማ ይህ ሥራ ትንሽ ገበያ አይደለም፤ የሙሽራና የምርቃት ልብስ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ የሚሰፋው የባህል ልብስም አለ።

የባህል ልብስን ካነሣሁ አይቀር፣ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ የራሱ ትምህርት ያስፈልገዋል። ሸማ ስፋቱ ጠባብ በመሆኑ ቀሚሱ የሚታሰበው ከጨርቁ ስፋት ተነሥቶ ነው፤ ጥለቱ በመቀስ እንዳይሰበር ቦታው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ሳይታጠብ ከተቆረጠ ኋላ ሲታጠብ ያጥራል፤ ጠርዙ ስለሚተረተር ወዲያው ኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚቋጥር ማሽን ስፌት) መመታት አለበት። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው «ለምለም» የተባለው የልብስ ድርጅት የአገራችን ሸማኔዎች የሠሩትን ጨርቅ በልዩ ልዩ ቁጥር በተዘጋጀ ልብስ ለውጭ ገበያ ማቅረብ የቻለው ይህ ሁሉ ስለተጠና ነው። የእኛ ሰልጣኞች ግን ስለ ሸማ አንድም ሰዓት ሳይማሩ የሚመረቁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ በሸማኔ አገር ሊሆን ባልተገባ ነበር።

የከተማው አስተዳደርና ኮሌጆቻችን በፓርኩ ካሉት ፋብሪካዎች ጋር ተነጋግረው በየናሙና ክፍሉ ለጥቂት ሠልጣኞች የስድስት ወር ልምምድ እንዲያመቻቹ በትሕትና እጠይቃለሁ። በናሙና ክፍል አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ከወረቀት እስከ መጨረሻው ቁልፍ ሲሠራ ይታያል፤ በማምረቻ መስመሩ ላይ ይህን ማየት አይቻልም። የፋብሪካ ኃላፊዎች የደንበኞቻቸው ምስጢር እንዳይወጣ እንደሚሠጉ ስለማውቅ፣ ልምምዱ ጊዜያቸው ባለፈ ሞዴሎች ላይ ቢሆን ሥጋታቸው የሚቃለል ይመስለኛል።

በእኔ በኩል በስፌት ቤቴ ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ልጆች የሚሆን የጠረጴዛ ቦታ አዘጋጅቻለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። አንዷ የእኅቴ ልጅ ናት፤ አሁን የራሷን ቀሚስ ቆርጣ ሰፍታ ለብሳለች። ለሁለተኛዋ ቦታ የምትመጣው ልጅ ሜትር፣ ረጅም ማስመሪያና ቡናማ ወረቀት ይዛ ትምጣ፤ መቀስ ከእኔ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያ
ከሐዋሳ