ቅዳሜ እንገናኝ፦ ስለ አእምሮ ጤና ሕክምና

ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጎንደር ጃንተከል ዋርካ ጋ እንገናኝ፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ቡና ቤት እንገባለን። ጉዳያችን አንድ ነው፤ ጭንቀት ወይም ድብርት የያዘው አባል ሳይሸማቀቅና ኪሱ ሳይራቆት የት እንደሚታከም እንነጋገራለን፣ በየሁለት ሳምንቱ የምንደማመጥበት ትንሽ ቡድንም እናቋቁማለን።

እስከዚያው ይቺን እወቁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መንከራተት የለም። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ ሪፈር አጽፉ፤ አለበለዚያ ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። ደብተሩ መታደሱንም እዩ፣ ሰው የሚጉላላው እዚያ ላይ ነው። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በ3ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል አይሆንም። ጠበል የምትጠመቁም ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒቱን አታቋርጡ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

የሚያመናጭቅ ባለሙያ ከገጠማችሁ ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ነውር አይደለም።

ቅዳሜ ማንም ተናገር አይባልም፣ ቡናውን ጠጥቶ የሚሄድም ይምጣ። ፎቶና ቅጂ የለም። የማንንም ሕመም እዚህ ግሩፕ ላይ አትጻፉ፣ በተለይ «ለጸሎት» እያላችሁ። የምንወስነው ቋሚ ቦታውን፣ እና የባጃጅ ሂሳብ ለሚቸግረው አባል መዋጮ እናድርግ ወይ የሚለውን ነው። የቡና ብቻ ይዛችሁ ኑ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» በሉ፣ እዚህ መጻፍ የከበደው በውስጥ ይላክልኝ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።