ግመሏን ላቆማችሁልኝ ሁሉ

ከብረት የበየድኳት ግመል ደሴ ገብታለች። ቆማለችም። አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን! ሁለቱንም እላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ።

ኤግዚቢሽኑ የቡድን ነው፤ ከግመሏ አጠገብ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ያለው ግን የኔ ስም ብቻ ነው። ወረቀቷ ትንሽ ናትና የቀረውን እዚህ ልጻፈው። «ስሜን እንዳትጠራ» ያላችሁኝ ስላላችሁ የማንንም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

«አይዞህ፣ በርታ» ያላችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግመሏን ያቆሟት ግን «እንዲህማ አይሆንም» ብለው የተከራከሩኝ ሰዎች ናቸው።

አንዱ የባቲው ነጋዴ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ እያየ ያደገ ሰው ነው። ግመል ስትራመድ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? የአንድ ጎኗ የፊትና የኋላ እግር አብረው ይነሳሉ፤ ቀጥሎ የሌላው ጎን። ያ መወዛወዟ ከዚህ ነው የሚመጣው። «እንደ ፈረስ ካስረገጥካት ባቲ ይስቁብሃል» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺታዬ ግን ጣጣ ነበረው፤ የግራ እግሮቿ ከተነሱ ክብደቷ በሙሉ ቀኝ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከሁሉም በላይ ግን ባለውለታዬ የኮምቦልቻው ባሌስትራ ሠሪ ጋሼ ናቸው። የግመሏ አንገትና እግሮች ያረጀ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያ ከመኪናው ሥር ያለው ጉብጥ የስፕሪንግ ብረት፣ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜውን የጨረሰ ብረት! ጉብጠቱ ራሱ አንገት ነው፤ ብዙ ማጠፍ አላስፈለገኝም። ችግሩ ብየዳው ላይ ነው። ባሌስትራ እንደ ላሜራ ወይም እንደ ፌሮ አይደለም። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛውን በይደኸው ቶሎ ከበረደ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ጋሼ የያዝኩትን የብየዳ ኤሌክትሮድ ከእጄ ቀምተው ለእንዲህ ያለ ብረት የሚሆነውን፣ 7018 የሚባለውን አስገዙኝ። ከዚያ በኦክሲጅን ብረቱን ማሞቅ ጀመሩ። በጣታቸው ጠብታ ውሃ ይረጩበታል፣ ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መጨረሻ ላይ ጠብታዋ ጭስስ ብላ ስትጠፋ «በል አሁን» አሉኝ። ተበይዶ እንዳለቀም አመድ ውስጥ ቀበሩት፤ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ነው። በማግስቱ አውጥተው በመዶሻ መታ መታ አደረጉትና ድምፁን ሰሙ። «ጤነኛ ነው።» ሂሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ።

አመዱን በጆንያ የሰጡን ጎረቤታችን እንጀራ ጋጋሪዋ እማማ ናቸው። በግራይንደሩ ጩኸት ስንት ቀን እንደበጠበጥኳቸው እያወቁ! ማታ ማታ ግን አይደራደሩም ነበር። «ልጆች ይተኙበት» ይላሉ፣ አለቀ። ስንጭን ደግሞ ቡና አፍልተው ዱአ ያደረጉልን እሳቸው ናቸው።

ሾፌራችን ግመሏን ቆማ አልጭንም አለ። እውነቱን ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ያውም ጥምዝምዝ። አስተኝተን ጎማ አነጠፍንላት፣ በገመድ ጠፈርናት። ጉሙ ካልገፈፈም ንቅንቅ አላለም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሱ ሻዩን ይጠጣል። አሁን ሳስበው ደግ አደረገ።

ደሴ ስንደርስ የአዳራሹ ኃላፊ ወለሉን መብሳት ከለከለን። ሴራሚክ ነዋ! ታዲያ በምን ትቆማለች? አብረውኝ የሚያሳዩት ልጆች የራሳቸውን ሥራ መስቀል ትተው መጡ። ወፍራም ላሜራ ከሥሯ ብናደርግላትስ አሉ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ 10 ሚሊ ላሜራ ብቻውን 78 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ቀኝ እግሮቿን እሱ ላይ በቡሎን አሰርን፤ ላሜራውንም በግራ በኩል አስረዘምነው። ዳዶውን ለማጥበቅ አንዷ ሠዓሊ ከግመሏ ሆድ ሥር ተንፏቃ ገባች። ስትወጣ ነጭ ሹራቧ በዝገት መከላከያው ቀለም፣ አንቲሩጂኒ በአንቲሩጂኒ ሆኖ ነበር። እህቴ፣ የሹራቡን ዕዳ አልረሳሁም።

መብራት የጠፋ ለታ ጄኔሬተሩን ያዋስከን ባለጋራዥም፣ ውለታህ አለብኝ። ሰኞ ነዳጁን ሞልቼ አመጣልሃለሁ። ገመዷ እንኳ ትንሽ ተልጣለች፣ እሷንም አስቀይሬልህ ነው የምመጣው።