እማዬ፣ ጆሮ ውስጥ አትገባም

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?

ትናንት «ጆሮ የምትባል ሸረሪት አለች አሉ፤ እንዳትገባብሽ ማታ ስትተኚ ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚው» ስትዪኝ ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አልነበረም። ሳቄ አምልጦኝ ነው የዘጋሁት። ይቅር በይኝ።

ሸረሪቷ «ጆሮ» መባሏ እውነት ነው። ከኛ ጆሮ ጋር ግን ምንም አያገናኛትም። ስሙ የጃፓን ነው። እነሱ «ጆሮ-ጉሞ» ይሏታል፤ ጉሞ የሚለው ነው ሸረሪት ማለት። በተረታቸው ቆንጆ ሴት መስላ ወንድ ታጠምዳለች ይላሉ። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ያለችው ዝንብና ጢንዚዛ ነው የምታጠምደው።

ከምሥራቅ እስያ የመጣችው በመርከብ ኮንቴነር ተሳፍራ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ግዛት መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ነው። አሁን ከጎረቤት ግዛቶች አልፋ እስከ ሜሪላንድ ድረስ ታይታለች። በ2022 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚሁ ደቡቡ ላይ ለብዙ ዘመን ከኖረች ዘመዷ ጋር አወዳድረዋት ነበር። የጆሮ ሸረሪቷ ልብ 77 በመቶ ፈጥኖ ይመታል፤ አጭር ውርጭም ከዘመዷ በተሻለ ትቋቋማለች። ወደ ሰሜን መውጣት ትችላለች ያሉት ለዚህ ነው።

«ትበራለች» ያሉሽ ደግሞ አጋነዋል። ትልቋ አትበርም። ገና የተፈለፈሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው ቀጭን ክር ለቀው ንፋስ የሚወስዳቸው። ከሰማይ እንደ ፓራሹት የሚወርድ መዳፍ የሚያክል ሸረሪት የለም።

መልኳ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል። ጀርባዋ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ የመሰለ ግራጫ መስመር አለው። ሆዷ ሥር ቀይ፣ እግሯ ጥቁርና ቢጫ። እግሯን ስትዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ወንዱ ቡናማና ደቃቃ ነው፣ ከአጠገቧ ልብ ካላልሽ አታዪውም። ድሯ ፀሐይ ሲመታው ወርቅ ይመስላል። አንዳንዴ የአንዷ ድር ከሌላዋ ይያያዝና ከዛፍ እስከ መብራት ገመድ ይዘረጋል። «ድር ቢያብር» የምትዪው ትዝ ይለኛል። አንበሳውን እንጃ እንጂ እኔን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ በፊቴ አስራኛለች። ቢሮ ከገባሁ በኋላ እንኳን ፀጉሬ ላይ የወርቅ ክር ነበር።

መርዝ የላትም አልልሽም። አላት፣ ግን ደካማ ነው። በእጅሽ ጨብጠሽ ካላስጨነቅሻት አትነክስሽም፤ ብትነክስም ከንብ ንድፊያ አይብስም ይላሉ። እንዲያውም ፈሪ ናት። ተመራማሪዎች ትንሽ አየር እፍ ሲሉባት ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትነቃነቅ ቆይታለች። እኔ ሰው ቢጮህብኝ እንኳን ያን ያህል አልደነግጥም!

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ እዚህ ቤት ስገባ ከአጥሩ ጥግ ሌላ ሸረሪት ነበረች። የአገሩ ናት፣ ድሯ መሃል ዚግዛግ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሆነኝ ካየኋት። ጆሮዋ በበዛችበት የአገሬው ሸረሪቶች ቁጥር ቀንሶ መገኘቱን ጥናቶች ያሳያሉ። ሰው ግን ስለዚህ አያወራም፤ ወሬው ሁሉ «ትነክሳለች ወይ?» ነው።

የምትመጪው ጥቅምት ላይ ስለሆነ በጣም ገዝፋ ታገኛታለሽ። ብርዱ ሲጠና ትሞታለች፤ ከ400 እስከ 500 የሚደርስ እንቁላሏን በሐር ከረጢት ጠቅልላ ትታ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ዘንድሮ ጠርጌ ጨረስኩ ብል ለከርሞው ዋጋ የለውም። በመድኃኒት መርጨት ደግሞ አልፈልግም፣ ሌላውንም ይገድላል።

የበሩንና የመኝታ ቤትሽን መስኮት በመጥረጊያ አጽድቼዋለሁ። ከጓሮ ያለችውን ትልቋን ግን ትቻታለሁ። መጥተሽ እይያትና «ትሂድ» ካልሽ ያኔ አነሳታለሁ። ጥጡንም ከፈለግሽ ይዘሽ ነዪ።

ልጅሽ