ለዩኤስቢ መቆራረጥ ፎርማት መድኃኒቱ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፋርማሲውና በየኮፒ ቤቱ አንድ ችግር በየዕለቱ ያጋጥማል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የተሰካ ፕሪንተር፣ የባርኮድ ወይም የጣት አሻራ ማንበቢያ በሥራ መሃል ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል። ከሰከንዶች በኋላ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ባለጉዳይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ባለሙያ ሲጠራ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው።

እኛ በጥገና ሙያ ላይ የተሰማራን ሰዎች ይህን መልስ መስጠት ማቆም አለብን። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የሰው ፋይል አደጋ ላይ ይወድቃል፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንደገና ይፈለጋል፣ የግማሽ ቀን ሥራም ይቆማል። መቆራረጡ ግን በማግስቱ ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ መነሻው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ነውና። በፍላሽ የሚተላለፈውና ፎልደሮችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው ቫይረስ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን እሱ ፋይል ይደብቃል እንጂ የተሰካን ዕቃ ነቅሎ አይጥልም።

ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የሚጠፋው?» ተብሎ ነው። ገመዱ ሲነካ ነው? ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ? ፎቶ ኮፒው ሥራ ሲጀምር? ወይስ ማንም ሳይነካው ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ? የእያንዳንዱ መልስ መንገድ ለየብቻ ነው።

ገመዱ ሲነካ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ የመገናኛ ነው። ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሣጥን) ፊት ለፊት ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ አይደሉም፤ በኬዙ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ገመድ ከማዘርቦርዱ ፒኖች ጋር የተያያዙ ናቸው። ያ ገመድ ይላላል። ቀዳዳው ራሱም ለዓመታት ሲሰካበትና ሲነቀልበት ስለኖረ አይጨብጥም። የጀርባዎቹ ግን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሙከራ ዕቃውን ከፊት ነቅሎ ከጀርባ መሰካት ነው። ቀጥሎ ገመዱን መለወጥ ነው። የዩኤስቢ 2 ገመድ ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ለዩኤስቢ 3 ደግሞ 3 ሜትር ገደማ ይበቃል። ፕሪንተሩ ጥግ ላይ እንዲቀመጥ ተብሎ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ የተቀጠለበት ቢሮ ጥቂት አይደለም። በቀጭን ሽቦ የተሠራ ርካሽ ገመድ ርዝመቱ ልክ ቢሆንም ቮልቴጅ ይበላል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር፣ ከዚያ ሌላውን መለወጥ ነው እንጂ ገመዱንም ቀዳዳውንም ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ፋይል ሲገለበጥ ወይም ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር የሚጠፋ ከሆነ የኃይል እጥረት መጠርጠር አለበት። በደረጃው መሠረት የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ለኪቦርድና ለማውዝ ከዚህ ጥቂቱ ይበቃል። የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ሞተሩን ለማስነሳት ለአፍታ ወደ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ከወረደ ዲስኩ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ዲስኩ እንደገና ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል። ጠጋ ብሎ ላደመጠው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ የዲስክ ሞት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአጭር ገመድ ከጀርባ ሰክቶ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳይሞክሩ ለባለቤቱ «ዲስክህ ሞቷል» ማለት ትልቅ በደል ነው።

አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛው ሃብም እዚህ ላይ ይነሳል። የራሱ አዳፕተር የሌለው ባለ 4 ቀዳዳ የዩኤስቢ 2 ሃብ ያንኑ 500 ሚሊአምፔር ራሱም ተጠቅሞ ለአራት ያካፍላል። በደረጃው ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚደርሰው 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ፍላሽ፣ የአሻራ ማንበቢያና ካሜራ ባንድ ሃብ ላይ ሰክቶ በመቆራረጡ መገረም አይገባም። አዳፕተር ያለው ሃብ መግዛት፣ ያ ካልተቻለ ኃይል የሚበላውን ዕቃ በቀጥታ ከጀርባ መሰካት ነው።

ገመዱም ቀዳዳውም ደህና ከሆኑ ፓወር ሰፕላዩ (በኬዙ ውስጥ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ይለካ። ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ አስቸጋሪው ዕቃ ተሰክቶ ሳለ፣ ባለ አራት ፒኑ የፓወር ሶኬት ላይ በቴስተር ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ መለካት ነው። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ ከሆነ በደንቡ ነው፤ ከ4.75 ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ማዘርቦርዱን ማየትም ያስፈልጋል፤ በዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አካባቢ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ካሉ ምንም ዓይነት ዊንዶውስ አያድነውም።

ፎቶ ኮፒው ወይም ሌዘር ፕሪንተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ በአገራችን ከሁሉ በላይ የተዘነጋውም ይህ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ማሞቂያውን ሲያበራ ባንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ከኮምፒውተሩ ጋር ባንድ ዲቫይደር ላይ ከሆነ ቮልቴጁን ይጎትተዋል። ለዚህ ነው ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ መስመር ላይ መሰካት የሌለበት።

ከዚህ የባሰው የግራውንድ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ፣ አለመኖር ነው። በኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረት አካሉ ተያይዘዋል። የመሬት ሽቦው በትክክል ከተገናኘ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኃይል ወደ መሬት ይወርዳል። ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው፣ ወይም የጎን ብረቶቹን በማይነካ ርካሽ አዳፕተር ከተሰካ፣ የኬዙ ብረት በ220 ቮልት መስመር ላይ ወደ 110 ቮልት ገደማ ይንሳፈፋል። ጅረቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሰው ሲነካው ንዝር ብቻ ይሰማዋል፤ «ኮምፒውተሩ ይነዝራል» የሚባለው ይህ ነው። ከሌላ ሶኬት ኃይል የሚያገኝ ፕሪንተር በዩኤስቢ ሲገናኝ በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ልዩነት በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ይፈሳል። ሲቀልል ግንኙነቱ ይቆረጣል፣ ሲከብድ ቀዳዳው ይቃጠላል። መፍትሔው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ግራውንዱን ማስፈተሽና ማሠራት፣ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩንም ግራውንድ ካለው ከአንድ መስመር መመገብ ነው። ሁለቱን ሲያገናኙም መጀመሪያ ከኃይል ነቅሎ፣ ዩኤስቢውን ሰክቶ፣ ከዚያ ማብራት ይገባል። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ ግራውንድን አይተካም።

ማንም ሳይነካው ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ አሁን ወደ ዊንዶውስ መሄድ ተገቢ ነው፤ ያም ለፎርማት አይደለም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን ተጭኖ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት፣ በዩኤስቢ ኮንትሮለሮች ዝርዝር ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን «ሩት ሃብ» ከፍቶ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ነው። አንዱን ብቻ አስተካክሎ ሌሎቹን መተው የተለመደ ስህተት ነው። በፓወር ኦፕሽንስ የላቁ ምርጫዎች ውስጥም «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለው ይዘጋ።

ገመድ አልባ ማውዝ ብቻ የሚንተባተብ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የዩኤስቢ 3 ግንኙነት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራል፤ የማውዙ ተቀባይም በዚያው ሞገድ ነው የሚሠራው። ተቀባዩን ከኤክስተርናል ዲስኩ አርቆ፣ በአጭር ኤክስቴንሽን ጠረጴዛው ላይ ማውጣት ይበቃል።

የማዘርቦርድ ጥፋትም አይታጣም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ በ500 ተከታታይ ቺፕሴቶቹ (የማዘርቦርድ ዋና ቺፖች) ላይ ዩኤስቢ አልፎ አልፎ እንደሚቋረጥ አምኖ በባዮስ (ማዘርቦርዱን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማሻሻያ አስተካክሏል። እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር የያዘ ሰው ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አዲሱን ባዮስ መጫን አለበት፤ ባዮስ ሲጫን መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም።

አንድ አደራ ስለ ፋይል። ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ደጋግሞ የተቆራረጠ ዲስክ የፋይል ሰንጠረዡ (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚመዘግበው) ሊናጋና ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «አይ» ይባል። የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራምም ወዲያው አይሮጥበት፤ በሚቆራረጥ ግንኙነት ላይ የሚደረግ ጥገና ጉዳቱን ያሰፋል። መጀመሪያ ግንኙነቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፣ ጥገናው በመጨረሻ ይምጣ።

መሥሪያ ቤቶች የጥገና ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ከባለሙያው አንዲት ገጽ ወረቀት ይጠይቁ፦ ችግሩ መቼ እንደሚከሰት፣ በየትኛው ቀዳዳና በየትኛው ገመድ እንደተሞከረ፣ 5 ቮልቱ ስንት እንደተለካ፣ ሶኬቱ ግራውንድ እንዳለው። ፎርማት የሚል ቃል ከተጻፈበትም ከላዩ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚገልጽ መስመር ይኑር።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ