አባባ፣ እግርዎን አይደብቁኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስላልቻልኩዎት ነው። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይሉኝና ስልኩን ለወይንሸት ያቀብሏታል። ይህን እሷው ታነብልዎታለች። አንድም ቃል እንዳትዘል ነግሬያታለሁ።

ሊዲያ የፊት ጥርሷ ወለቀ። «አባባ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምጥለው» ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ወይንሸት ሁሉንም ነግራኛለች፤ አይቆጧት። ግራ እግርዎ አብጧል። ካልሲው ከወለቀ በኋላ እንኳ ምልክቱ ባትዎ ላይ ተሰርጉዶ ይቆያል አለችኝ። «ተሽሎኛል፣ ጠበልም ጀምሬያለሁ» ብለው ክኒኑን ካቆሙም ሳምንት አልፎታል።

አባባ፣ ኮሮናው ቢለቅዎትም መዘዙ አልለቀቀዎትም። ያኔ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሐኪሙ ያስረዳኝን ልንገርዎት። በሽታው ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። የደም ሥርን ከውስጥ ያስቆጣል፤ ደሙም ይረጋል። አልጋ ላይ ብዙ መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል። ባት ውስጥ የረጋው ደም ተቆርሶ ሽቅብ ይሄድና የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል። ያን ሌሊት ደረትዎን የወጋዎት፣ ትንፋሽ ያሳጣዎት እሱ ነው። ልብዎም በተዘጋ መንገድ ደም ልግፋ ብሎ ሲታገል ቀኝ ጎኑ ደከመ። ጠዋት ማታ ሆድዎን ይወጉዎት የነበረው ደሙ እንዳይረጋ ነበር። ሲወጡ ሸሚዝዎን ስቀይርልዎ እምብርትዎ ዙሪያ እንዳለ በልዟል። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አላዩኝም።

ያቆሙት ክኒን፣ ዋርፋሪኑ፣ የዚያ መርፌ ተተኪ ነው። ቢያንስ 3 ወር ተብለው ገና 5 ሳምንትዎ ነው። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ማን ይከለክልዎታል? ክኒኑንም ይዋጡ። ለጉልበትዎ ሕመም የሚያስገዙትን ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናኩን ግን ይተዉት፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገጥም ደም ያፈሳል። እግርዎንም በቅቤ እንዳያሹት።

በግ ሸጠው አስተምረውኛል። ውለታዎን አልረሳም። ግን እማዬ ስታርፍ የነገሩኝ ከ9 ቀን በኋላ ነው። «ፈተና ላይ ነበርሽ» አሉኝ። ፈተናውን አለፍኩ፤ እናቴን ግን አፈር አላለበስኳትም። እስከዛሬ አንስቼብዎት አላውቅም። አሁን «ለእሷ እንዳትነግሪ፣ ትሰጋለች» ማለትዎን ስሰማ ያ ቀን መጣብኝ። ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ የእርስዎንም በመርዶ መስማት አልችልም።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ከወይንሸት ጋር ከመሃል ሜዳ ይነሱ። እኔ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። የክኒኑን ካርቶንና የሆስፒታሉን ወረቀት ይያዙ። ያለፈውን ላካክስ ብለው በአንዴ ብዙ እንዳይውጡ። ሌሊት ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ንጋትን አይጠብቁ፤ እዚያው ሆስፒታል ይሂዱ። ባርኖስዎን ይደርቡ፤ ጣርማ በር ላይ ይበርዳል።

ወይንሸት፣ አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውይልኝ። ስንት ሰዓትም ቢሆን።

ልጅዎ